አንድ ከረጢት ደም፣ ሦስት ጠባይ

ከአንድ ለጋሽ የሚቀዳው ደም አብዛኛውን ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ነው። ከረጢቱ ውስጥ አስቀድሞ 63 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ አለ፤ በውስጡ ያለው ሲትሬት የደሙን ካልሲየም ስለሚይዘው ደሙ አይረጋም። ግን በሚቀዳበት ጊዜ ከረጢቱ ቀስ እየተባለ መወዝወዝ አለበት፤ ካልተደባለቀ ይጓጉላል።

ሴንትሪፊውጅ በሚባለው በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን ላይ ሲሽከረከር ደሙ ይለያያል። ከላይ ቢጫ ፕላዝማ፣ ከታች ጠቆር ያለ ቀይ፣ መሀል ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን። ይህ ሽፋን ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ናቸው። ነጮቹ ለባለቤታቸው ተላላፊ በሽታን ይከላከላሉ፤ ለሌላ ሰው ሲሰጡ ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ስለሚያስከትሉ፣ በሚቻልበት ቦታ ተጣርተው ይወጣሉ።

ቀዮቹ ኦክስጅን ተሸካሚዎች ናቸው። ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ፣ እንደ ማቆያው ፈሳሽ ዓይነት፣ 35 ወይም 42 ቀን ይቆያሉ። በረዶ ከሠሩ ግን ይፈነዳሉ፤ የፈሰሰው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ ፕሮቲን) የታካሚውን ሽንት ያጠቁራል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ግሉኮስ ደሙ በሚሰጥበት ቱቦ አብሮ ቢገባም ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ከደም ጋር የሚሄደው ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ብቻ ነው።

ፕሌትሌት በተቃራኒው ቅዝቃዜ አይወድም። ፍሪጅ ከገባ ቅርጹ ይለወጣል፣ ታካሚው ውስጥ ሲገባም ቶሎ ይወገዳል። ስለዚህ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ ሳያቋርጥ እየተወዘወዘ ይቀመጣል። ሙቀቱ ለባክቴሪያ ስለሚመች ዕድሜው 5 ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ለጋሽ ሁልጊዜ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፕላዝማ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ቢሆንም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች፣ አልቡሚንና ፀረ እንግዳ አካላት ያሉት በእሱ ውስጥ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲቀመጥ አንድ ዓመት ይቆያል። በረዶው የሚቀልጠው 37 ዲግሪ በሆነ ውሃ ነው፤ ሙቀቱ ከበዛ ፕሮቲኖቹ ይበላሻሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የደም ዓይነት ላይ ነው። "ኦ ለሁሉም ይሆናል" የሚባለው ለቀይ ሕዋስ ነው፣ ያውም ኦ ኔጌቲቭ ከሆነ። የኦ ፕላዝማ ግን የኤ እና የቢ ዓይነት ቀይ ሕዋሳትን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ስለያዘ ለኦ ታካሚ ብቻ ነው የሚሆነው። ፕላዝማው ለሁሉም የሚሆነው ኤቢ ነው።

ቀይ ሕዋስ ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰጠት ካልተጀመረ ወደ ደም ባንኩ አይመለስም፤ ከተጀመረም በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።