ለጦም አደር መሬት ቼክ

አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ከሱ ፎልስ ከተማ እስከ ሬድፊልድ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። ግራም ቀኝም በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ሂውረን ስንደርስ የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ አንድ ግዙፍ የወፍ ሐውልት አሳየኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ የቆመ ነው፤ 22 ቶን ይመዝናል አሉ። ወፉን ፌዛንት ይሉታል። ለኛ ሰው ላስረዳ፦ ቆቅን አወፍሩት፣ ረጅም ጅራት ቀጥሉለት፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አድርጉለት። ዘሩ ከቻይና ነው። ሬድፊልድ አካባቢ የለቀቁት በ1908 ሲሆን፣ ዛሬ የሳውዝ ዳኮታ ግዛት መለያ ወፍ ሆኗል። እኔ ግን ገና ወረቀቴን እየጠበቅኩ ነው።

የአደን ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ያረፍነው የባልደረባዬ አጎት እርሻ ላይ ነበር። ሽማግሌው ቡና ቀድተውልኝ በመስኮት አንድ የሣር ማሳ አሳዩኝ። "ያ ሲአርፒ ነው" አሉኝ። በ1985ቱ የእርሻ ሕግ የመጣ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ገበሬው ለመሸርሸር የተጋለጠ መሬቱን ማረሱን ትቶ ሣር ያለብሰዋል። መንግሥት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል።

እኔ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ መሬቱን ጦም ያሳደረ ሰው የመንደር መሳቂያ ነው። እዚህ ቼክ ይላክለታል! ነገሩ የገባኝ ሽማግሌው ሲያስረዱኝ ነው። ፌዛንት ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው የምትሠራው። ጫጩቶቿ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያድጉት በነፍሳት ነው። ሣር ከሌለ ነፍሳት የሉም፤ ነፍሳት ከሌሉ ጫጩት የለም።

በ2007 በመላው አሜሪካ በፕሮግራሙ የታቀፈው መሬት 36.8 ሚሊዮን ኤከር ደርሶ ነበር፤ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር መሆኑ ነው። ያኔ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ 12 ሚሊዮን ገደማ ፌዛንት እንደነበረ ይገመታል። ከዚያ ኢታኖል፣ ከበቆሎ የሚሠራው የመኪና ነዳጅ፣ መጣ። የበቆሎ ዋጋ ተሰቀለ፤ በ2012 አንድ ቡሼል፣ 25 ኪሎ ገደማ፣ ከ7 ዶላር በላይ ወጣ። ኮንትራቱ ያለቀበት ገበሬ ሣሩን ገልብጦ በቆሎ ዘራ። ማን ይፈርድበታል? በላዩ ድርቅ፣ ከዚያም ብርዳምና ዝናባማ ጸደይ ተጨመረ። በ2013 ቆጠራ ወፉ ካለፈው ዓመት በ64 በመቶ ቀነሰ። ወፉ ሲጠፋ አዳኙም ጠፋ። "ድሮ በዚህ ቀን ይሄ ግቢ በመኪና ሞልቶ ማቆሚያ ቦታ አይገኝም ነበር" አሉ ሽማግሌው። እኛ ስንገባ የቆመው አንድ ፒክአፕ ነበር።

ተኩስ የሚፈቀደው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ነው። እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም፤ ከኋላ ተከተልኳቸው። ሣሩ ደረቴ ይደርሳል፣ ጤዛው ሱሪዬን አበሰበሰው። ውሻዋ በድንገት ደርቃ ቆመች። ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ፍርርር ብሎ ተነሣ፤ ልቤ አብሮት ወጣ። "ሴት!" ብሎ ባልደረባዬ ጮኸ፤ ማንም አልተኮሰም። ሴቷን መግደል ክልክል ነው። ወንዱም ቢሆን ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ብቻ ነው። እኛ ግን ስድስት ሰዓት ያህል ተንከራተን ለሁለቱ ሰዎች ሦስት ወፍ ብቻ አገኘን።

ማታ ሽማግሌው ጋራዥ ውስጥ ወፎቹን ሲያጸዱ አጠገባቸው ቆምኩ። የአንዱን አንገት ሥር ያለችውን ከረጢት በቢላ ሰነጠቋት። ቢጫ የበቆሎ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ዝርግፍ አለ።

"የሣሩ ኮንትራት መቼ ያልቃል?" አልኳቸው።

"የዛሬ ዓመት" አሉ፣ እጃቸውን እየተለቃለቁ። ያድሱት እንደሆን አልጠየቅኳቸውም።

አንዱን ወፍ ለእኔ ሰጡኝ። ፍሪዘር ውስጥ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ በጥይት የሞተ መሆኑን ከሰማች "በክት ልትበላ ነው?" ብላ ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ ትውላለች።