አራት ስንዝር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከበላያችን ያሉት ሰዎች እንግዳ መጥቶባቸው ነው መሰል የፕላስቲክ ወንበር ይጎትታሉ፤ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ውጭ ዝናብ ነው። ገና ቤት ካልገባበት ሜዳ ማዶ ጅብ ይጮሃል። ቱሉ ዲምቱ የገባን ሰሞን ጅቡ ያስፈራኝ ነበር፤ ዛሬ ሳይጮህ ሲቀር ነው የሚጨንቀኝ። አሁን ሆዴን ባር ባር ያሰኘው ግን ጅቡም ዝናቡም አይደለም፣ ወንበሩ ነው።

እማዬ ሆስፒታል የተኛችበት ክፍል ውስጥ ለአስታማሚ ያለው ነገር እንዲህ ያለ ወንበር ብቻ ነበር። ነጭ፣ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ በፕላስተር የታሰረ። ዘጠኝ ሌሊት እሱ ላይ አደርኩ። እማዬ ስለታመመችበት ስለዚያ ክረምት ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ፤ ስለ ወንበሩ ግን ጽፌ አላውቅም።

በሦስተኛው ሌሊት በእማዬ አልጋና በአጠገቧ ባለው አልጋ መካከል ያለውን ቦታ በእጄ ለካሁት። አራት ስንዝር ከሁለት ጣት። የኔ ስንዝር 20 ሴንቲ ነው፤ የአርክቴክቸር ተማሪ እያለሁ ሜትር ባልያዝኩበት ጊዜ እንድለካበት ብዬ አጥንቼዋለሁ። እንግዲህ 84 ሴንቲ ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ 84 ሴንቲ ውስጥ የኔ ወንበር፣ የግሉኮሱ መስቀያ፣ ፔርሙሱ፣ ፖፖው፣ የልብስ ፌስታሉ ሁሉ ተሰድሯል። ከወንበሬ እግር ስር ደግሞ የአልጋ ቁጥር 4 ልጅ ካርቶን አንጥፋ፣ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች።

ቤትሽ ሄደሽ ለምን አታድሪም የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር። ከዚያ እስከ እኛ ሰፈር ሦስት ታክሲ ነው። ማታ ቃሊቲ ላይ ተሰልፎ፣ ቤት ደርሶ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትኩስ አጥሚት ይዞ መመለስ አይሆንም። የከተማ ዳር ሰው ካስታመመ እዚያው ያድራል። ከወለጋ የመጣችው የአልጋ ቁጥር 4 ልጅማ ምን ምርጫ አላት?

ደግሞ ጠያቂ ሌላ ነው፣ አስታማሚ ሌላ። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል፣ ይሄዳል። አስታማሚ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ያጎርሳል፣ ፖፖ ይደፋል፣ ደም ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ የጎደለ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ያካልላል፣ ሌሊት የግሉኮሱን ጠብታ ይቆጥራል። ሊያልቅ ሲል ነርስ ይጠራል። እኛ ክፍል ውስጥ ደወል ስላልነበረ መጥራት ማለት ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር መሄድ ማለት ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ታማሚው ብቻውን ይቆያል። እጄን የምታጠብበት ቧንቧም የነበረው እዚያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ፖፖ ደፍቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሦስት በር በእጄ ከፍቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በዚያው እጅ አጎርሳታለሁ።

አንድ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ላይ፣ የመርፌ ሰዓት ደርሶ ሲስተር ገባች። የክፍሉ መብራት ማብሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ካበራች ስድስቱም ይነቃሉ። ስለዚህ የስልኳን መብራት በጥርሷ ይዛ፣ ትሪውን በሁለት እጇ አድርጋ በዚያች 84 ሴንቲ ልታልፍ ስትል የልጅቷን እጅ ረገጠችው። ልጅቷ ጩኸቷን ዋጠችው። ትሪው ተንጋደደ፣ መርፌው ተንከባሎ አልጋ ስር ገባ። ሲስተር እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የልጅቷን እጅ ይዛ «ይቅርታ የኔ እናት፣ ይቅርታ» ትላለች፤ ልጅቷ ደግሞ «ምንም አልሆንኩም ሲስተር፣ እኔ ነኝ መንገድ ላይ የተኛሁት» ትላለች። ሁለቱም ይቅርታ ሲጠያየቁ አየኋቸው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ግን ክፍሉን የሳለው ሰው ነው። የኔ ሙያ ማለት ነው።

ጠዋት ሐኪሞች ራውንድ ሊወጡ ሲሉ «አስታማሚዎች ውጡ!» ይባላል። ማንቆርቆሪያችንን ይዘን ኮሪደር ላይ እንደረደራለን። ሐኪሙ እማዬን «ሌሊት ስንት ጊዜ አስመለሰሽ? ሽንትሽ እንዴት ነው?» ይላታል። እሷ ግማሹን ሌሊት በትኩሳት ስትቃዥ ያደረች ሴት ናት፣ ምኑን ታውቃለች? የሚያውቀው ሰው ከበሩ ውጭ ቆሟል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ነው የሚያስወጡን፤ ሐኪሙ ከነተማሪዎቹ ሲገባ መቆሚያ የለም። እኔም አልፈርድባቸውም። ግን የቦታ ጥበት ሄዶ ሄዶ ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ነገር ያጎድለዋል።

ቢሮ የያዝነው ሥራ ሆስፒታል ነው፤ እዚሁ ከከተማው ጫፍ ላይ፣ የረር ተራራ ፊት ለፊት ከሚታይበት ቦታ የሚሠራ። የተኝቶ ታካሚዎቹን ክፍል የምስለው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሳልኩትን ከፍቼ ሳየው ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፤ ስድስት አልጋ በሁለት ረድፍ፣ ሁሉም ራስጌው መስኮት ስር። ያን የመሰለ ተራራ ከጀርባቸው አድርጌ ታማሚዎቹን እርስ በርስ አፋጥጫቸዋለሁ። እማዬም እንደዚያው ነበረች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የምታየው ፊት ለፊቷ የምታቃስተውን ሴትዮ ነበር።

ትምህርት ቤት እያለን የተማርነው ነው እኮ። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ ሁለት ሁለት አድርጎ አመሳከረ። 23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ 23ቱ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ በ7.96 ቀን ወጡ፣ ግድግዳ የሚያዩት በ8.70። ኃይለኛ ማስታገሻ የወሰዱትም ጥቂት ነው። ሰሜን ሩዋንዳ፣ ቡታሮ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሆስፒታል ደግሞ አልጋዎቹን አዙሯቸዋል፤ ከክፍሉ መሀል አጭር ግድግዳ አቁመው ራስጌውን ከሱ አስጠግተው ታማሚው ፊቱን ወደ መስኮት እንዲያደርግ። አጭር ግድግዳ ምን ያህል ብር ይፈጃል?

ስለ አስታማሚ ደግሞ ሁልጊዜ የማስበው የጨቅላዎቹን ነው። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው። ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የማይሞላ ሕፃናትን፣ እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ፣ ከተወለዱ ጀምሮ እናት ደረት ላይ አደረጓቸው። ለዚህ ግን ክፍሉ መለወጥ ነበረበት፤ ጨቅላዎቹ በሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ለእናትየው አልጋ ተዘረጋላት። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12.0 በመቶ ነበሩ፤ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት መካከል ግን 15.7 በመቶ። አልጋው ብቻውን አዳናቸው አልልም። ግን አልጋ ባይኖር እናትየው የት ትሆን ነበር? ኮሪደር።

እሑድ ቡና እየጠጣን እማዬን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ከዚያ ክፍል ምን ትዝ ይልሻል?» ሕመሙን ትለኛለች ብዬ ነበር።

«አንገትሽ» አለችኝ።

«የምን አንገት?»

«ወንበሩ ላይ አንገትሽ እንዲህ ወደ ጎን ወድቆ። ሌሊት ውሃ ይጠማኝ ነበር። ገና አሁን ነው የተኛችው፣ አልቀሰቅሳትም ብዬ እስኪነጋ ዝም እል ነበር።»

ስኒውን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ያን ሰሞን ሐኪሙ በየጠዋቱ «ፈሳሽ በደንብ ትውሰድ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አልጠማትም ብዬ ነበር የማስበው።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ፕላኑን አፈረስኩት። አልጋዎቹን አዞርኳቸው። በመስኮቱ ሥር፣ ከታማሚው እግርጌ፣ 65 ሴንቲ ስፋት፣ 1.90 ርዝመት ያለው መደብ አደረግሁ፤ ቀን መቀመጫ ነው፣ ማታ መኝታ። ሥሩ ቁልፍ ያለው መሳቢያ፣ ጎኑ ላይ ሶኬትና ትንሽ መብራት። በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ። ታማሚዋ ቀና ስትል ተራራውንም፣ ጋደም ያለችውን ልጇንም በአንድ እይታ ታያለች። በአልጋዎቹ መካከል ሲስተር ትሪዋን ይዛ እንድታልፍ 1.50 ሰጠሁ። ይሄን ሁሉ ሳደርግ ስድስቱ አልጋ አምስት ሆነ።

ኃላፊያችን አየውና «ቆንጆ ነው፤ ግን ባለቤቱ የሚቆጥረው አልጋ ነው» አለኝ። እሱስ የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቅሁት እቴቴን ነው። ነርስ ስለሆነች ደስ ይላታል ብዬ ማታ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አንቺ ልጅ፣ ለአስታማሚ አልጋ ስትሠሪላቸው ነርስ ላለመቅጠር ምክንያት ሰጠሻቸው። የኛን ሥራ ያንቺ ዓይነት ልጆች በነፃ እንዲሠሩት ነው» አለችኝ። ከዚያ የራሷን ታሪክ አነሳች፤ አባዬን ለማስታመም ስትል ሥራዋን ለቃ የተቀመጠችባቸውን ሰባት ወራት። እውነቷን ነው። አስታማሚ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። መደቡን ባማረ ቁጥር «እሷ ትደር» ማለት ይቀላል።

ግን ባልሠራላትም ታድራለች። ካርቶን ላይ ታድራለች።

ሁለቱንም ስዕል ጎን ለጎን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ነገ አንዱን ማስገባት አለብኝ። አምስቱን ሳየው እማዬ ሌሊት ውሃ ስትጠይቀኝ ይታየኛል። ስድስቱን ሳየው ደግሞ ያቺ ያጠፋኋት አልጋ ትታየኛለች፤ እሷም የሆነ ሰው ናት። ያ ሰው በር ላይ ደርሶ «አልጋ የለም» ሲባል፣ ይዛው የመጣችው ልጁ ያን ሌሊት የት ታድራለች?