የድሬዳዋን ባቡር ጋራዥ ፎቶ ልታነሱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ፈልጉ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ባልቆጨኝ ነበር።

አያቴ በድሬዳዋው የምድር ባቡር ጥገና ጋራዥ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሠራተኛ ነበር። እኛ ቤት ከዚህ ያለፈ ወሬ የለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር፤ ተራራው ቢከብድ ጊዜ ከግርጌው ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ትልልቁ ጥገና ግን የሚሠራው ድሬ ነበር። ስለዚህ ጋራዡን ፎቶ ላነሳ፣ በዚያውም አያቴን ልፈልግ ተነሳሁ።

የካሜራው ነገር ቀላል ነው። ሰፊ ሌንስና ትራይፖድ ያዙ፣ በጠዋት ግቡ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ። በቃ።

ያንገበገበኝ ደብዳቤው ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። «በግል አይቻልም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። ለምኜ አጻፍኩ። ሳመጣው «ይሄ ለእኛ ክፍል አይደለም የተጻፈው» አሉኝ። አስቀይሬ መጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ተመልሼ ስሄድ ደብዳቤው መዝገብ ቤት የለም። ሲገኝ ደግሞ ዓላማው አልጣማቸውም። «ለቤተሰብ ታሪክ» ብዬ ነበር። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እንደዚህ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም፤ ለጥናት በይው» አለችኝ። እኔ የማጠናው ነገር የለም። አያቴን ነው የምፈልገው። ይህን ማስረዳት ለምን እንደዚያ እንደከበደ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

በዚህ መሃል አንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር በስልክ አገኘሁ። አያቴን ስጠራላቸው ሳቁ። «አውቀዋለሁ እንጂ! ነይ ልጄ፣ ፎቶም አለኝ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን» አሉኝ። መሥሪያ ቤቱ ግን ደብዳቤው ሳይፈረም ድሬ መሄድ ድካም ብቻ ነው ይለኝ ነበር። «ለሳምንት ይደርሳል» ይሉኛል። ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ይወልዳል። ደብዳቤው ተፈርሞ ድሬ ስደርስ እኚያ አባት አርፈው፣ አርባቸውም ወጥቶ ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃው ማህተሙን አይቶ አስገባኝ። አላነበበውም። ያ ሁሉ ወራት የሄደው ለዚህ ነው።

ውስጡ ያምራል። ማሽኖቹ ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያመጣት ሊቶሪናም (በራሷ ሞተር የምትሄድ የመንገደኛ ባቡር) አለች። ያስጎበኙኝ የቀድሞ ሠራተኛ የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም በፈረንሳይኛ ይጠሩታል፤ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ አቧራውን እየጠረጉ። ቶርኖዎቹ ጋ ስንደርስ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ባነሳኋቸው ፎቶዎች እኮራለሁ።

የቤተሰቤን ታሪክ ያገኘሁት ግን እዚያ አይደለም። የሟቹ ልጅ ከለቅሶ ሐዘኗ ሳትወጣ አስገባችኝ፤ ቡና አፈላች፤ አባቷ ለእኔ ብለው ለይተው ያስቀመጡትን ፎቶ አወጣች። ሠራተኞች ከቶርኖዎቹ ፊት ተደርድረዋል። ከጀርባው በቀጭን እስክሪብቶ ስማቸው በተራ ተጽፏል። አያቴ አለ። ከጎኑ የቆመው ሰው የአባት ስሙም የአያት ስሙም ከእሱ ጋር አንድ ነው፤ መልካቸውም ቁርጥ። አያቴ ወንድም እንደነበረው እኛ ቤት ማንም ተናግሮ አያውቅም። ልጅቷ የምታውቀው ሰውየው ወደ ጅቡቲ ወርዶ መቅረቱን ብቻ ነው። «ለምን እንደሄደ አባባ ያውቅ ነበር» አለችኝ።

እኔ እንደሆንኩ መሥሪያ ቤቶቹ ከሚሉት ተቃራኒውን ነው የምላችሁ። ደብዳቤውን አስገቡና እዚያው ተዉት፤ እናንተ ሂዱ። የሰው ቤት ለመግባት ማህተም አያስፈልግም። ከዚራና ለገሃሬ ሰፈር ጡረተኞቹን ጠይቁ፣ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። ሕንፃው ለወራት ይጠብቃችኋል። የድሮ ፎቶ ሲያሳዩአችሁም ፊቱን ብቻ አንስታችሁ አትመልሱ፤ ገልብጡና ጀርባውንም አንሱት።