ንግሥት ሻይ አትነከርም

ቀረጻው የመቀሌው ከበባ ነው፤ ጥር 1888፣ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ። በስክሪፕቱ ሴቶቹ ሁለት ቃል አላቸው፦ «ውሃ!» እና «ወይኔ!»። እንስራ አዝለው ከሚያልፉት ከፊት የምትመራዋ ጥቁር ልጅ ናት። ካሜራማኑ ሞኒተሩን አየና «ያቺን ጠቆር ያለችውን ወደ ኋላ አድርጓት፤ ፊቷ አይወጣም» አለ።

እውነትም አይወጣም። ጥፋቱ ግን የነጠላው ነበር። ከሱቅ የመጣው ነጠላ በረዶ ይመስላል። አይሪሱ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ለልብሱ ሲዘጋ ፊቷ ይጨልማል፤ ለፊቷ ሲከፈት ነጠላው ይቃጠልና ጥለቱ ይጠፋል። ቀይ ተዋናይ ብትቆም ልዩነቱ ስለሚጠብ፣ መብራት ማስተካከል የሰነፈ ሁሉ ቀይዋን እመቤት፣ ጥቁሯን ገረድ ያደርጋል።

የአልባሳት ኃላፊዋ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ ይሄ ጦር ከአዲስ አበባ የወጣው በጥቅምት ነው። ሦስት ወር በእግሩ ተጉዞ በረኪና ከየት አገኘ?» አሉት።

ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገባ። «ውሃ ቀጂ ናት እኮ እትዬ፣ ፊቷ ምን ያደርግልናል?»

«መቀሌን ያስለቀቀው ውሃ ነው። ምንጩ ይያዝ ያሉትም ጣይቱ ናቸው፤ አንተ ንግግሩን ለራሶቹ ሰጥተኸዋል።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። ምሳ ተባለ።

በምሳ ሰዓት የነጠላውን ንጣት ለማደብዘዝ 20 ሊትር ውሃ ፈላ፤ 250 ግራም ሻይ ቅጠል፣ አንድ እፍኝ ጨው። ቅጠሉ በደንብ ካልተጣራ ጨርቁ ላይ ነጥብ ይጥላል። ነጠላው አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ይርሳል፤ ደረቁን የነከረ ዥጉርጉር ያወጣል። 20 ደቂቃ እያገላበጡ ማቆየት ነው። እርጥቡ ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ «በዛ» ብሎ ቶሎ ያወጣ ሲደርቅ ያዝናል። ሁለቱ ነጠላ ጭራሽ ቀለም አልያዙም፤ ፖሊስተር ገብቶባቸዋል። እነሱ አፈር ተሻሽተው ከኋላ ተሰለፉ።

ባዶ እንስራ ያዘለች ሴት ደግሞ ቦርሳ እንደያዘች ነው የምትራመደው። ስምንት ስምንት ሊትር ተጨመረና አፉ በጨርቅ ተወተፈ፤ ወገባቸው ወዲያው ጎበጥ አለ። ከልጅቷ ጉንጭ በታች ብርሃን የሚመልስ ነጭ ፎም ተያዘ። አሁን ፊቷ ወጣ፤ ሜካፕ ክፍሉ ጠዋት አንድ ሰዓት የፈጀበት የአንገቷ ንቅሳት እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

እቴጌዋን የምትጫወተው ግን አሻፈረኝ አለች። «ንግሥት ሻይ አትነከርም!» በነጩ ልብሷ ከልጅቷ አጠገብ ስትቆም የጠዋቱ ችግር ተመለሰ። ማንም አልተከራከራትም፤ ጥቁር ካባ ደረቡላት። ለማዕረጓም ለአይሪሱም የሚስማማው እሱ ነበር፤ ከጠዋቱ ያላሰብነው እኛ ነን።

ማታ ፕሮዲውሰሩ ቀረጻውን አይቶ ልጅቷ ላይ ሲደርስ አስቆመው። «ይቺ እንዴት አማረች?»

«አዲሱ ሌንስ ነው» አለ ካሜራማኑ።

ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። የምንጩን ትእዛዝ በማግስቱ የተናገረው ያው ከራሶቹ አንዱ ነው።