ክሩ ፈንገስ አልነበረም

«ዱላ ዱላ ነው፣ ክርም ክር ነው» አለኝ ባልደረባዬ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ድሬዳዋ ነው፣ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ። የአንዲት እናት ሽንት ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ወይን ጠጅና ሮዝ ብሎ የሚለይ ማቅለሚያ) ተደርጎ ማይክሮስኮፑ ላይ አለ። ረጃጅም፣ ያልተቆራረጡ ክሮች ይታያሉ። በሥራው ብዙ ዓመት የሚቀድመኝ ባልደረባዬ «ፈንገስ» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶ አንስቷል።

«ጋሼ፣ እስቲ ቀለሙን እየው» አልኩት። (ድሬ ላይ ታላቅን አንተ ማለት ነውር አይደለም።) «ሮዝ ነው። ፈንገስ ቢሆን ወይን ጠጅ ይሆን ነበር። ውፍረቱም የባክቴሪያ ነው።»

«አቦ ተይኝ! አልኮሉ በዝቶ ቀለሙን አጥቦት ነው። ይህን ያህል የሚረዝም ኢ. ኮላይ የት አይተሻል?» (ኢ. ኮላይ የሽንት ኢንፌክሽን ላይ አዘውትረን የምናገኘው ዱላ መሰል ባክቴሪያ ነው።)

አብሮ የተቀባው የስታፍ ኮንትሮል (ወይን ጠጅ መሆኑ የታወቀ መፈተሻ ባክቴሪያ) ግን ወይን ጠጅነቱን አልለቀቀም ነበር። አሳየሁት። ዱላና ክሩን ያመጣብኝ ያኔ ነው።

ወጥቼ እናትየዋን ጠየቅኳት። «ከፋርማሲ ሴፋሌክሲን ገዝቼ እየዋጥኩ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ሴፋሌክሲን አንቲባዮቲክ ነው። ነገሩ ያኔውኑ ገባኝ።

ኢ. ኮላይ ርዝመቱ ወደ 2 ማይክሮሜትር ነው። የዱላ ቅርጹን የሚይዝለት ፔፕቲዶግላይካን የሚባለው ግድግዳው ነው። ውስጡ ተሟጦ ቢወጣ እንኳ ግድግዳው እንደ ሐረር ስፌት ባዶውን ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ግን አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አይደለም። ባክቴሪያው ባደገ ቁጥር የድሮው እየተቆረጠ አዲሱ ይገባበታል። ኤምአርኢቢ የሚባለው ፕሮቲን የጎኑን ግንባታ ይመራል፤ ዱላው ወፍሮ ሳይድበለበል የሚረዝመው በዚህ ነው። ኤፍቲኤስዜድ ደግሞ ወገቡ ላይ ቀለበት ይሠራል። እዚያ መሃል ግድግዳ ይገነባና አንዱ ሁለት ይሆናል።

ሴፋሌክሲን የሚይዘው ያንን የመሃል ግድግዳ የሚገነባውን ኢንዛይም ነው። ማደጉ ይቀጥላል፣ መከፈሉ ይቆማል። ዱላው ክር ይሆናል። ሜሲሊናም የሚባለው መድኃኒት ደግሞ የጎኑን ግንባታ ስለሚያቆም ያው ኢ. ኮላይ ይድበለበላል። የትኛው ፕሮቲን የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ ብራያን ስፕራት እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ አሳይቷል። አዲስ ነገር አላወራሁም።

ሪፖርቱ «ፈንገስ» ተብሎ ወጣ። እናትየዋ የፈንገስ መድኃኒት የሆነው ፍሉኮናዞል ተጀመረላት።

በማግስቱ ከሽንቱ የዘራነው ካልቸር በቀለ። ማክኮንኪ የሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ ሮዝ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት)። ከኮሎኒው ስላይድ ሠራሁ፤ መድኃኒቱ የሌለበት ቦታ ሲያድግ አጭር፣ የለመድነው ዱላ ሆኖ ተመልሷል። የባዮኬሚካል ምርመራውም ኢ. ኮላይ አለ።

«ፈንገሱ በፍሉኮናዞሉ ሞቶ ነዋ» አለኝ።

«ናሙናው እኮ የትናንቱ ነው፣ ጋሼ። ፍሉኮናዞል ሳትጀምር የሰጠችው።»

ዝም አለ። ሐኪሙ ጋ እኔው ሄድኩ፤ መድኃኒቷ ተቀየረላት። ያለ ጥቅም የዋጠችው ክኒን ግን አሁንም ያናድደኛል። ቅርጽ አይቶ ስም መስጠት የሥራችን ግማሽ ነው፤ ያ ቅርጽ ምን እንደደረሰበት ሳይጠይቁ መጻፍ ግን በሰው ገላ ላይ መፍረድ ነው።

የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «የተወሰደ መድኃኒት» የሚል ቦታ አለ። ዛሬም አብዛኛው ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ መቀበያው መስኮት ላይ እኔው እጠይቃለሁ። ሰልፉ ሲረዝም ሰው ይቆጣል። ይቆጣ።