የኤሌክትሪክ ወንበር፣ ጅራታም ኮከብና የጓሳ ቀበሮዎች

በኢንተርኔት ላይ የሚዞሩ እንግዳ ወሬዎችን መሰብሰብ እወዳለሁ። የሚያስቁም፣ የሚያስደንቁም፣ አንዳንዴም ለቀናት ከሐሳብ የማይወጡ አሉባቸው። ሆኖም «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ተብለን ያደግን ሰዎች፣ በስልክ የመጣውን ሁሉ እንደወረደ ለሌላው ማስተላለፍ አይገባንም። ሐሳብ መጨመር ደግሞ የሚቀለው ከራስ ቀዬ ሲጀምሩ ነው። ስለ ሩቅ አገር የተነገረኝን ለመመርመር ብቸገር፣ ስለ ሰሜን ሸዋ የተጻፈውን ግን አገሩን፣ የዘመን አቆጣጠሩንና ሰውን ስለማውቅ ልመዝነው እችላለሁ። ለዚህም ነው ከሰበሰብኳቸው ውስጥ እኛን የሚነኩትን ሦስት ወሬዎች ለይቼ ማየት የፈለግሁት።

የመጀመሪያው ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሚነገረው ነው። በቅርቡ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ምኒልክ ዙፋናቸው የኤሌክትሪክ ወንበር ነበር የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወሬው እንዲህ ይላል፦ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ወንጀለኛ በኤሌክትሪክ ወንበር መገደል መጀመሩን ሰምተው ሦስት ወንበሮች አዘዙ፤ ወንበሮቹ ሲደርሱ ግን በአገሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ሁለቱ ተጥለው አንዱ ዙፋን ሆነ። ወሬው ከብዙ ዓመታት በፊት በድንቃድንቅ መጻሕፍት ታትሞ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በየቋንቋው እየተገለበጠ ይዞራል።

በዚህ ወሬ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ። በዓለም የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ወንበር ቅጣት በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የኦበርን ወህኒ ቤት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1890 ተፈጽሟል። ምኒልክም በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ ለአዳዲስ መሣሪያ የነበራቸውም ፍቅር የታወቀ ነው። ስልክን፣ ባቡርን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ወደ አገሩ ያስገቡ እርሳቸው ናቸው። ወሬው እንዲታመን ያደረገው ይኸው ነው፤ ሐሰቱን የሸፈነው ሦስት አራት እውነት ከፊት ስለተሰለፈ ነው።

ነገር ግን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ መጥቶ ምኒልክን ከንግሥናቸው ዘመን ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከጎናቸው ያለ ንጉሥ፣ ዕቃው ያለ ኃይል ማመንጫ ከንቱ መሆኑን ሳይጠይቅ ሦስት ወንበር ከአሜሪካ ያዝዛል ብሎ ለማመን ይከብዳል። ከዚህም በላይ ቤተ መንግሥቱ የጣሊያን፣ የፈረንሣይ፣ የእንግሊዝና የሩሲያ ተወላጆች የሚመላለሱበት ነበርና፣ ያዩትን ሁሉ ለጋዜጦቻቸውና ለመንግሥቶቻቸው ይጽፉ የነበሩት እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ዙፋን ቢያዩ ኖሮ ዝም ብለው ባላለፉት ነበር። በዘመኑ በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ወንበሩን አየሁ ያለ ምስክር አይገኝም።

ከዚህ ወሬ ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ሌላም አለ፤ ምኒልክ ሲታመሙ የመጽሐፍ ቅዱስን ገጾች ይበሉ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 መጽሐፈ ነገሥትን ሙሉውን በልተው ሞቱ የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በደረሰባቸው ከባድ ሕመም አልጋ ይዘው፣ የመንግሥቱን ሥራ መሥራት ተስኗቸው የነበሩ ሰው ናቸው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ለተወለዱት፣ የአገሪቱን የዛሬ መልክ ላበጁት ንጉሥ፣ በብዙ የውጭ አንባቢ ዘንድ የቀረላቸው መታወቂያ ይህ ዓይነቱ ተረት መሆኑ ያሳዝነኛል። ለተማሪውም ይህንኑ አስረዳሁት፤ እርሱም ወዲያው ለላከለት ጓደኛው ሲጽፍ አየሁ።

ሁለተኛው ወሬ የከተማዬ የደብረ ብርሃን ነው፤ ይህኛው ከቀላል ተረት ይለያል፣ ምሁራንም የተናገሩት ነውና። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ስላዩ ነው የሚለውን በዚህ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። በኢንተርኔት ላይ ግን «ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው» የሚል ቃል እንደ ተረጋገጠ ነገር ተጽፎ ይገኛል። ሳነበው እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። የሃሌይ ኮከብ በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የታየ፣ በ2061 ደግሞ የሚጠበቅ ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች አንድ መሆናቸውን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1705 ያሳተመው ሥራ ነው ስሙን ያሰጠው። የከተማችን መሠረት ከዚህ ጋር ቢያያዝ ማን ይጠላል?

ይሁን እንጂ ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ነገሩን በቀን ለይቶ ይነግረናል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት የተወገሩት የካቲት 2 ነው፤ ከዚያ በ38 ቀን፣ መጋቢት 10 በበዓለ መስቀል፣ ብርሃኑ ታየ። ከየካቲት 2 እስከ መጋቢት 10 ቢቆጠር በትክክል 38 ቀን ይሆናል፤ ጸሐፊው ቀኑን በጥንቃቄ ያኖረ ሰው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ጅራታሙ ኮከብ ደግሞ በ1456 በዓይን መታየት የጀመረው፣ በዚያ ዘመን አውሮፓም በምትጠቀምበት በዩልዮስ አቆጣጠር፣ በግንቦት ወር የመጨረሻ ቀናት ነው፤ ወደ ፀሐይ እጅግ የቀረበውም ሰኔ 9 ቀን ነው። ይህን ወደ እኛ ስንመልሰው 1448 ዓ.ም. ሰኔ መባቻና ሰኔ 15 ላይ ያርፋል። በመጋቢት 10 እና በሰኔ መባቻ መካከል ከሁለት ወር ተኩል በላይ አለ። ኮከቡ በዚያ መጋቢት ገና ሩቅ ስለነበረ ያለ መሣሪያ ሊያየው የሚችል ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ወይ ዜና መዋዕሉ በቀኑ ተሳስቷል ማለት አለብን፣ ወይም ብርሃኑ ሌላ ነገር ነው። እኔ ለዜና መዋዕሉ አደላለሁ፤ የበዓሉን ቀንና የቀኑን ቁጥር አስማምቶ የጻፈን የአገር ሰው ትቶ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በግምት የተሰነዘረን አሳብ መያዝ ተገቢ አይመስለኝም። አማኙ ብርሃኑን ተአምር ይለዋል፣ የሥነ ፈለክ ሰው ደግሞ ምናልባት ተወርዋሪ ኮከብ ይለው ይሆናል። የሃሌይ ኮከብ ነው ለሚለው ግን ቀኑ አይፈቅድለትም።

የሚገርመው፣ ይኸው የ1456 ኮከብ በሮም በኩልም የራሱን ተረት ወልዷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ካሊክስቶስ ሦስተኛ ጅራታሙን ኮከብ አወገዙት ይባላል፤ ይህም በቤተ ክርስቲያን ላይ ለመሳለቅ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሯል። በእርግጥ የሆነው ቱርኮች ቤልግሬድን ሊከቡ ሲዘምቱ ጳጳሱ ጸሎት እንዲደረግና ደወል እንዲደወል ማዘዛቸው ነው፤ በትእዛዙ ውስጥ ስለ ኮከብ አንድም ቃል የለም። አንድ ኮከብ በአንድ ዓመት በሁለት አገር ያልሠራው ሥራ ተለጠፈበት።

እስካሁን ሐሰቱንና ግምቱን ሳነሣ ቆየሁ፤ ከሰበሰብኳቸው የሩቅ አገር ወሬዎች እውነት ሆነው የተገኙት ግን በውበት አያንሱም። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶማስ ፓርኔል እ.ኤ.አ. በ1927 ጥቁር ቅጥራን አንገቱ በታሸገ የመስታወት ፈነል ውስጥ አፈሰሱ፤ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ድንጋይ የሚሰባበረው ይህ ነገር በእርግጥ እጅግ ቀርፋፋ ፈሳሽ መሆኑን ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት ነበር። በ1930 ቅጥራኑ እንዲንጠባጠብ የፈነሉ አንገት ተቆረጠ፤ እስከ 2014 የወረዱት ጠብታዎች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከ1961 ጀምሮ ሙከራውን የጠበቁት ጆን ሜይንስቶን፣ በ1988 ጠብታው ሲወድቅ ለጥቂት ደቂቃ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው አመለጣቸው፤ በ2000 ካሜራ ተተከለ፣ ካሜራው ተበላሸ፤ በ2013 ሞቱ፣ ዘጠነኛው ጠብታ በማግስቱ ዓመት ወደቀ። ሲወድቅ ሳያዩት ዕድሜያቸውን ለሰጡት ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቡና ማንቆርቆሪያ ወሬም እውነት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ቡናው ማለቁን ሳያውቁ ደረጃ ወጥተው ወርደው ስለሰለቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ካሜራ ደገኑበት፤ በ1993 ምስሉ በኢንተርኔት ለዓለም ተከፈተ፤ ካሜራው በ2001 ሲዘጋ ማንቆርቆሪያው በ3,350 ፓውንድ ተሸጠ። ጀበና ከመጣድ እስከ በረካ ድረስ ሰው ተከቦ በሚቀመጥበት አገር ይህ ታሪክ የባሰውን እንግዳ ይሆናል።

ሦስተኛው ወሬ ከመንዝ ነው፤ ከሁሉም የምወደው ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ዝንጀሮዎች ቀበሮን እንደ ውሻ ማላመድ ጀመሩ» የሚል ርእስ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ ቦታው የእኛው ጓሳ ነበር። ጓሳ በስሙ የሚጠራውን ሣር የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ ዘመን እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ደጋ ነው፤ ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ በክፉ ቀን ለከብት ግጦሽ ይሆናል። የጭላዳ መንጋ በጠዋት ከገደሉ ወጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ ሲሠማራ ያየ ሰው አይረሳውም። ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አንድ አንድ እየነቀለ በእፍኙ ያከማቻል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርገውና ሳይነሣ እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ይሄዳል። ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር ከእርሱ በቀር የለም።

በጥናቱ የተጻፈው ከርእሱ የበለጠ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ መሆኑ ታይቷል። ቀበሮው በመንጋው መካከል ሲያልፍ ርምጃውን ያዘገያል፣ ድንገተኛ እንቅስቃሴ አያደርግም፣ የጭላዳ ግልገል አጠገቡ ቢሆን እንኳ አይነካም። አንድ ጊዜ ግልገል የነጠቀ ቀበሮ ታይቷል፤ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጥለው አባረሩት፣ ተመልሶም እንዳይገባ ከለከሉት። እንግዲህ የተላመደ ካለ ራሱን ያረመው ቀበሮው ነው፤ ጭላዳው አልመገበውም፣ አልጠራውም፣ ከእርሱም ያገኘው ጥቅም አልታየም። «ማላመድ» የሚለውን የጨመረው ርእስ አውጪው ነው።

ይህን ለአንድ የመንዝ አዛውንት ባነብላቸው፣ «ልጄ፣ ይህ አዲስ ነገር ሆኖ ነው እንዴ? ጭላዳ ሣር ሲነቅል አይጥ ይረበሻል፤ ቀበሮ ደግሞ ሞኝ አይደለም» አሉኝ። ተመራማሪዎቹም ከሰጧቸው መላ ምቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ሌላው፣ በመንጋው መካከል ያለ ቀበሮ ለአይጦቹ ጎልቶ አይታይም የሚል ነው። ሁለቱን ለመለየት ከብት ይረዳ ይመስለኛል፣ በባሌ ቀይ ቀበሮዎች የከብት መንጋን ተገን አድርገው አይጥ ሲያድኑ መታየታቸው ተጽፏልና። ከብት በአፉ ይግጣል እንጂ እንደ ጭላዳ በጣት እየነቀለ አይበላም፤ ስለዚህ ቀበሮው በከብት መካከልም እኩል ከተሳካለት፣ ጎልቶ አለመታየቱ ሚዛን ይደፋል። በጓሳ ዙሪያ ከብት ጠብቃችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ቀበሮው በላሞች መካከል ሲያድን አይታችሁ እንደሆነ፣ በየትኛው ወቅትና በቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ለይታችሁ ብትጽፉልኝ በደስታ እቀበላለሁ።