«እባክዎ ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉልን»

እውነቱን ልናገርና፣ የአድማጭ ስልክ የምንቀበልበትን ፕሮግራም የጀመርኩት በስንፍና ነው። 2003 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኤፍኤም ጣቢያ ላይ የቅዳሜ ጠዋት አዘጋጅ ነበርኩ፣ በየሳምንቱ ስክሪፕት መጻፍ ሰልችቶኛል። አለቃዬን «ለምን ሕዝቡ ራሱ አይናገርም?» አልኩት። ወዲያው ተስማማ። ወጪ የለውማ! ሁለት የስልክ መስመር፣ አንድ ቴክኒሽያንና እኔ፣ በቃ።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄዬ «ስለ ከተማችን ምን ይሰማዎታል?» የሚል ነበር። ስልኩ ጭጭ። አንድ ዘፈን ለቀቅን፣ ሁለተኛ ለቀቅን። በስንት ጊዜው አንድ አባት ደወሉ። ሬዲዮአቸው አጠገባቸው ይጮሃል፣ የራሳቸው ድምፅ ዘግየት ብሎ ተመልሶ ይመጣባቸዋል፣ ግራ ገብቷቸው ዝም ይላሉ። «እባክዎ ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉልን» አልኳቸው። እሺ ብለው ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀምጠው ሄዱ። እሳቸው እስኪመለሱ የልጆች ጫጫታና የቡና ሙቀጫ ድም ድም ሲል በቀጥታ ስርጭት ተላለፈ። የዚያን ቀን የተሻለው ነገር እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት የሚደውሉት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ወንዶች። ቴክኒሽያኑ «የቦርድ አባላት» ይላቸዋል። ስለ ውሃም ጠይቅ ስለ ጋብቻ፣ እነሱው ናቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ አንድ ቅዳሜ ሳልዘጋጅ መጥቼ፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን «ዛሬ ታክሲ ስንት አስከፈላችሁ? ታሪፉስ ስንት ነው?» ያልኩ ቀን ነው። የሁለቱም መስመር መብራት ሰዓቱ እስኪያልቅ አልጠፋም። ሰው ሐሳብ አጥቶ አልነበረም ዝም ያለው፤ የኔ ጥያቄ ድርሰት ጻፉ የሚል ነበር።

ሌላው ነገር ሚስኮል ነው። ስልካችን አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል። ቴክኒሽያኑ የሚቀልዱብን ልጆች እየመሰሉት ይበሳጫል። አንድ ቀን ከፕሮግራሙ በኋላ ቁጥሮቹን ጽፈን መልሰን ደወልን። የመጀመሪያዋ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ሆኑ። «ልጄ፣ ካርድ የለኝም እኮ፤ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ማን ቁጭ ብሎ ያወራል? ገበያ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ፕሮግራሙን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አደረግነው፣ ሚስኮል ላደረገ ሁሉም መልሰን መደወል ጀመርን። የጣቢያው ሂሳብ ሹም ለአንድ ወር አላናገረኝም። የሴቶች ድምፅ ግን ያኔ መጣ።

ያኔ ነው ቀደምቶቹ እንዴት ያደርጉ ነበር ብዬ መጠያየቅ የጀመርኩት። የድሮ ባልደረቦች የደብዳቤውን ዘመን በናፍቆት ያወራሉ፤ የዘፈን ምርጫ፣ ከእገሌ ለእገሌ፣ ፖስታው በአበባ ስዕል አጊጦ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ1994 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል በአማርኛና በኦሮምኛ የተላለፉት ሁለት ተከታታይ የሬዲዮ ድራማዎች ብቻ ከ15 ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤ መጥቶላቸዋል። ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ማለት ነው! የሞባይል መልእክት መጥቶ ነገሩ ይቀላል ሲባል ደግሞ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አገልግሎቱ ተዘጋ፣ የተመለሰው በሚሌኒየሙ መግቢያ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጋዜጣ አለ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ነበር። የዘመኑ የግራ ፖለቲካ ቡድኖች በብዕር ስም እየተሟገቱበት አገሩን ቀወጡት። ብዙም ሳይቆይ ሙግቱ ከወረቀት ወጥቶ ጥይት ሆነ። መድረክ ተከፈተ ማለት ሁሉ ሰላም ሆነ ማለት አይደለም፤ ይሄን ሳነብ ትንሽ ደንግጫለሁ።

ወደ ኋላ ስሄድ ግን ከሁሉም የሳበኝ ወረቀትም ሞገድም የሌለበት ነው። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሀል ቆሞ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል እኮ አድማጩን ማሰራጫ ጣቢያ እያደረገው ነው። መኳንንቱ ደግሞ የሕዝቡን ሆድ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር።

ከዛ አዝማሪ ቤት አለ። ለፕሮግራሙ የጠቀመኝን ያህል ሥልጠና ወስጄ አላውቅም። ካዛንቺስ ማታ ተቀምጬ አየሁ። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ከራሱ ምንም ሳይጨምር፣ የተሰጠውን በዜማ መልሶ ይለዋል። ሰጪውም ፊቱ ይፈካል። እኔ ግን ደዋዩ ተናግሮ ሳይጨርስ «እሺ፣ እናመሰግናለን፣ ቀጣይ» ነበር የምለው። ከዚያን ሳምንት ጀምሮ «እንግዲህ እርስዎ የሚሉት እንዲህ ነው፣ ልክ ነኝ?» ማለት ጀመርኩ። ብዙዎቹ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የለም የለም፣ እንደሱ አላልኩም።» ስንት ወር ሙሉ ሰው ሲናገር ሌላ ነገር ስሰማ ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ደዋይ አየር ላይ ገብቶ፣ አንድ ነጋዴ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ይቀላቅላል አለ። ስም አልጠራም፣ ግን ሰፈሩን፣ የበሩን ቀለም፣ አጠገቡ ያለውን ወፍጮ ቤት ሁሉ ዘረዘረ። እኔ ጅሉ ደግሞ አዝማሪነቴ ትዝ ብሎኝ አንድ ሳላስቀር ደገምኩለት! ማታውኑ የሰፈሩ ሰው ሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ። ሰኞ ጠዋት ሰውየው ራሳቸው ጣቢያው መጡ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ጋሼ። አልጮሁም። ከጥቁር ፌስታል በርበሬ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉና «ቅመስ» አሉኝ። ቀመስኩ። አቃጠለኝ፣ እንባዬ መጣ፣ ምኑ ከበርበሬው ምኑ ከሀፍረት እንደሆነ እንጃ። ደዋዩ በቤት ኪራይ ከሳቸው ጋር የተጣላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

አዝማሪ ቤት ያላስተዋልኩት ይሄን ነው። እዚያ ስንኙን የሰጠው ሰው ይታያል። መብራቱ ደብዘዝ ቢልም ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያየዋል፣ የተሰደበውም ተነስቶ መልሶ ሊያቀብል ይችላል። ሬዲዮ ላይ ሰጪው አይታይም፣ የሚታየው ተቀባዩ ብቻ ነው። ስለዚህ አሠራራችንን ቀየርን። ማንም በቀጥታ አየር ላይ አይገባም፤ አንዲት ባልደረባዬ መጀመሪያ ታነሳለች፣ ስምና ሰፈር ትጠይቃለች፣ ጉዳዩን ታዳምጣለች፣ በሰው ላይ ከሆነ ለሌላኛው ወገን ደውለን ሳናነጋግር አናስተላልፍም። ፕሮግራሙ ትንሽ ቀዘቀዘ፣ አልክድም። አለቃዬም «ድሮ ይሞቅ ነበር» ማለት አበዛ። ይበል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቅርታ ጠይቀን ለጋሼ መስመሩን ሰጠናቸው። አራት ደቂቃ ተናገሩ። በርበሬ እንዴት ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ እንደሚፈጭ ሳይቀር አስረዱ፣ ከሳሻቸውን ግን አንዴም አላነሱትም። አሁን ስምንተኛው የቦርድ አባል ሆነዋል፣ ቅዳሜ አይቀሩም። ሬዲዮአቸውን ግን እስከዛሬ ዝቅ አድርገው አያውቁም።